የእምነት መላላት አይደለም
«ሰው የገዳሙንም የከተማውንም ደንብ የሚቃወመው እምነቱ ስለላላ ነው» የሚለው፣ እዚህ ስለ ደንብ የተለጠፈው ጽሑፍ ሐሳብ ጨርሶ አልተዋጠልኝም። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እናቴን ይዤ ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄጃለሁ። እዚያ ሴት ወደ ላይ፣ ወደ ገዳሙ አትወጣም። እማዬ ከጀልባ ወርዳ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ ዛፎቹ ዞራ ሦስቴ አማተበች፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስክንመለስ ጠበቀችን። ቅር አላለሽም ወይ ስላት «እነሱም እኮ ዓለምን ትተው ነው እዚያ ያሉት» አለችኝ። መነኮሳቱ በደንባቸው ከማንም በላይ ራሳቸው ይኖሩበታላ! በማግስቱ እዚያው ጣና ዳር ያለው ዘጌ ወስጄ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን አሳለምኳት፤ እዚያ ሴትም ይገባል። ዘጌ ራሱ በበሬ ማረስ ከጥንት ጀምሮ ክልክል የሆነበት አገር ነው። ቡናውና ጫካው እስከ ዛሬ ለመቆየቱ ይህ ደንብ ትልቅ ድርሻ አለው። ከላይ በአስተያየትሽ «ሴትን መከልከል ንቀት ነው» ያልሽው እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ታናሽ እህቴም እንዳንቺው ነው የምትለው፣ ክብራን የሄድን ቀን ከጀልባው አልወረደችም። እሷን ይበልጥ ያበሸቃት ግን ሌላ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ መናፈሻ ስትገባ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ተብላ ዳቦዋን በር ላይ አስቀመጠች። ከኋላዋ በመኪና የመጡት ግን ሳይፈተሹ ገቡ። ጥበቃውን ስትጠይቀው «እነሱ እንግዳ ናቸው» አላት። ከዚያ ወዲህ እዚያ መናፈሻ ድርሽ አላለችም። ይህቺ ልጅ ጾም የማታፈርስ ናት፤ ታዲያ እምነቷ ምኑ ላይ ነው የላላው?