ከ1999 ወዲህ አልተቆጠርንም

አንድ የገጠር ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ በማርከር የተጻፈ ሰንጠረዥ ሳነብ ቆም አልኩ። የኩፍኝ ክትባት ከ100 በመቶ አልፏል። አሉ ከተባሉት ልጆች በላይ ተከተቡ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አልዋሸችም። መዝገቧን ገልጣ የከተበቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ አሳየችኝ። የተሳሳተው ቀበሌው ውስጥ ይህን ያህል ሕፃን አለ ተብሎ ከላይ የወረደላት ግምት ነው።

የዚህ ግምት ሥሩ የ1999 የሕዝብ ቆጠራ ነው። ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ከዚያ ወዲህ የምንኖረው በስሌት ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ውሃው፣ መድኃኒቱ የሚታቀደው በዚሁ ነው። በ2000 የተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል፤ ቆጣሪ ግን በሩን አንኳኩቶ አያውቅም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የምርጫ ክልሎችም የሚወሰኑት በውጤቱ ነው። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታስቦ ነበር። ታብሌት ተገዛ፣ ካርታ ተሠራ፣ ከዚያ ተራዘመ። ሰኔ 2011 ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሰላም በሌለበት እንዴት ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ቁጥር እኛ አገር በጀትም ነው፣ ወንበርም ነው። በ1999 የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ ሲመጣ ያስነሳው ቅሬታ እስከ ዛሬ አልበረደም። ግማሹን ቆጥሮ ግማሹን መተው ሌላ ቁስል ይሆናል።

ግን ያኔም ሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አልተቆጠረም። አፋርና ሶማሌ ክልሎች ከሌላው ወራት ዘግይተው ነው የተቆጠሩት። ስለዚህ ውጤቱ አንድ ላይ ይፋ ይሁን እንጂ ሥራው በየተራ መሄድ ይችላል። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ አለን፣ ቆጠራ ለምን ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። ፋይዳ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሰው ራሱ ሄዶ የሚመዘገብበት ነው። ቆጣሪ ቤት ድረስ ይመጣል። አልጋ ላይ የዋለችውን እናት፣ ትናንት የተወለደውን ሕፃን የሚያገኘው እሱ ነው።

የድሮው ካርታ ላይ እርሻ የነበረው ዛሬ ሰፈር ሆኗል። ሰላም ባለበት ሁሉ የካርታው ሥራ አሁኑኑ እንደ አዲስ ይጀመር። ምክር ቤቱም ቀን ይቁረጥልን።