ወረቀት ገዳይ

ወዳጄ ጀግና ነው። ጀግንነቱ የተመሰከረው ዳላስ አጠገብ፣ ኤሲው በሚያንቀጠቅጥ የተኩስ መለማመጃ ቤት ውስጥ ነው። ግዳዩ ወረቀት ነው። በሳስቶ ጣለው።

አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ» ብለው ይቀልዱ ነበር። ወዳጄን ስላላዩት ነው። ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ቤት አመጣና ሳሎን ውስጥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጎን ሰቀለው። እውነት ለመናገር ዘንዶው ቢያንስ ይንቀሳቀስ ነበር።

ቴክሳስም ለእንዲህ ዓይነቱ ጀግና አታስቸግርም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው አብዛኛው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ፈቃዱን የፈለገ ደግሞ 50 ጥይት ይተኩሳል፤ ከ3፣ ከ7 እና ከ15 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ኢላማው ቆሞ ይጠብቃል። ጨዋ ነው፣ አይሳደብም፣ አይሮጥም።

የወዳጄን ጥበብ ግን በደንብ ላሳያችሁ። የሚታጠቀው ሌላ፣ የሚለማመድበት ሌላ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለችው አጭር አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር፣ ጥይት መያዣዋ የሚሽከረከር ሽጉጥ ናት። ግማሽ ኪሎ እንኳ አትሞላም። እጀታዋ ትንሿን ጣት ውጭ ያስቀራል፤ ማነጣጠሪያዋ ያለ መነጽር አይታይም፤ ምላጯን ለመሳብ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ያስፈልጋል። ስትተኩስ ደግሞ መዳፍ ታቃጥላለች። ስለዚህ ወዳጄ ምን አደረገ? እሷን ኪሱ ውስጥ ትቶ፣ መለማመጃው ቤት ትልቅና ከባድ፣ ምላጩ ለስላሳ የሆነ ሽጉጥ ይከራያል። በአውቶማቲክ መኪና ተለማምዶ ፈተናው ቀን ባጃጅ ላይ እንደመውጣት ነው። እንዲህ ያለ ብልህ የት ይገኛል?

ሌላው ጓደኛችን የበለጠ ነው። የእሱ «1911» የሚባለው ሽጉጥ ነው፤ የአሜሪካ ጦር እስከ እ.ኤ.አ. 1985 የታጠቀው ዓይነት። ሲያዩት ያምራል። አውራ ጣት ወደ ታች ካልተጫነችው በቀር የማይተኩስበት መጠበቂያ አለው። እሱ ልምምድ የሚጀምረው ሽጉጡን በእጁ ይዞ፣ መጠበቂያውን አስቀድሞ አውርዶ ነው። አውራ ጣቱ ሥራዋን አንድም ቀን አልተማረችም። ምስኪን፣ ዕረፍት ላይ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ነገር አነሳሁ። ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈውን ለባለ ሪቮልቨሩ ወዳጄ ነገርኩት። ቢላ የያዘ ሰው 7 ያርድ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ሮጦ ይጨርሳል።

«እስክትደርስ በሳስቼህ ነበር» አለኝ።

ጋራዥ ወረድን። እውነተኛዋን ሽጉጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። ቅርጿ ቁርጥ እሷን የሆነች ሰማያዊ የላስቲክ መለማመጃ ነበረችው፤ አዲስ ናት፣ መጠቅለያዋ ገና አልተላጠም። ኪሱ ከተታት። እኔ መጥረጊያ ያዝኩ። ከማቀዝቀዣው እስከ መኪናው 7 ያርድ ለካን።

ተነሣሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በነጠላ ጫማ።

እጁን ኪሱ ከተተ። ከሽጉጧ ኋላ የወጣችው መዶሻ፣ ጥይት የምትመታዋ፣ የኪሱን ጨርቅ ነከሰች። (መዶሻዋ የተሸፈነ ሪቮልቨርም ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ይህቺ ታምራለች ብሎ ነው የገዛት።) ጎተተ። ቁልፍ ወጣ። ማስቲካ ወጣ። የቤንዚን ደረሰኝ ወጣ። ሽጉጧ ከነኪሱ ተገልብጣ ስትወጣ መጥረጊያው ደረቱ ላይ ነበር።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ቅር ብሎት አየኝ።

«አንተ ግን ለምን ትቸኩላለህ?»