እህትማማችነት ብቻውን አይዘፍንም

ሸልቢ ሊን እና አሊሰን ሙረር የተባሉት የአሜሪካዋ አላባማ ዘፋኝ እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2017 «ኖት ዳርክ የት» የተሰኘ አልበም አብረው አወጡ። ርእሱን የወሰዱት ከቦብ ዲላን ዘፈን ነው። ስለዚህ አልበም የተጻፈውን ያነበበ ሰው ሁለት ነገሮችን ደጋግሞ ያገኛል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1986 አባታቸው እናታቸውን በጥይት ገድሎ ራሱን ማጥፋቱ ነው፤ ያኔ ታላቋ ሸልቢ የ17፣ ታናሿ አሊሰን የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሁለተኛው የእህትማማች ድምፅ ሲገጣጠም ሌላ ሰው ሊደርስበት አይችልም የሚለው እምነት ነው። አሜሪካውያኑ «የደም ሃርመኒ» ይሉታል። አልበሙን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ሁለቱ ማብራሪያዎች ግን የዘፋኞቹን ድካም የሚሸፍኑ ይመስሉኛል።

አልበሙ የሚመደበው አልተርኔቲቭ ካንትሪ በሚባለው ዘርፍ ነው። የአሜሪካ ገጠር ዘፈን የሆነው ካንትሪ ዋና መናኸሪያ ናሽቪል ናት፤ ከስቱዲዮዎቿ የሚወጣው የተወለወለ ካንትሪ ያልጣማቸው ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአያቶቻቸውን ዘፈን ከሮክ ጋር አዋህደው መጫወት ጀመሩ። ዘርፉ የተወለደው ከዚያ ነው፤ ሬዲዮ ብዙም አያነሳውም፣ አድማጩ ግን ታማኝ ነው። ሸልቢም ብትሆን ከናሽቪል ጋር ብዙ ከታገለች በኋላ፣ ስድስተኛ አልበሟን ካወጣች ወዲህ ነው እ.ኤ.አ. በ2001 የግራሚውን «ምርጥ አዲስ አርቲስት» ሽልማት የተቀበለችው። በስድስተኛ አልበም አዲስ መባል ለቀልድም ለትዝብትም ይመቻል።

ሃርመኒ ለእኛ ጆሮ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በማኅሌትም ሆነ በሠርግ ዘፈን ብዙ ሰው አብሮ ሲያዜም ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ ዜማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በካንትሪ ጥንድ ዘፈን ግን አንዷ ዜማውን ስትይዝ ሌላዋ እነዚያኑ ቃላት በዚያው ቅጽበት በሌላ ኖታ ትላቸዋለች፤ ብዙ ጊዜ ከዜማው ሦስተኛ በሆነው ኖታ ላይ። እርግጥ አገራችንም ከዚህ ባዶ አይደለችም። በጋሞ ደጋ ያሉት ዶርዜዎች በርካታ ድምፆች በየራሳቸው መንገድ ሄደው የሚገናኙበትን አዘፋፈን ያውቁበታል፤ ለዚህም መንደሩ ሁሉ ወንድማማች መሆን አላስፈለገውም።

የእህትማማቾቹ አልበም ሁለተኛ ዘፈን የጥንድ ካንትሪ ዘፋኞቹ የሉቪን ወንድማማቾች ነው። አይራ እና ቻርሊ ሉቪንም አላባማውያን ነበሩ። ሲዘፍኑ ዜማው ከፍ እያለ ሲሄድ ከታች የነበረው ዜማውን ለወንድሙ ይለቅና እሱ ወደ አጃቢነት ይዞራል፤ ምልክት አይሰጣጡም፣ ካልተጠነቀቁ መቀያየራቸውም አይታወቅም። ይህን የደም ተአምር ነው የሚለው ብዙ ነው። ወንድማማቾቹ ግን ያደጉት በአካባቢያቸው ሰው ተሰብስቦ በአራት ድምፅ መዝሙር በሚዘምርበት ልማድ ውስጥ ነው፤ ጆሯቸው የተሳለው እዚያ ነው።

ደሙን ካነሳን አይቀር እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ሉቪኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ተለያዩ፤ አይራ ይጠጣ፣ ሲናደድም ማንዶሊን የተባለውን የክር መሣሪያውን ይሰባብር ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ። ሌሎቹ ጥንድ ዘፋኞች፣ የኤቨርሊ ወንድማማቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ መድረክ ላይ ተጣሉ፤ ፊል ጊታሩን ሰብሮ ወጣ፤ ዳግም አብረው መድረክ ላይ የታዩት በ1983 ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ደማቸው አልተለወጠም፤ ሃርመኒው ግን አልነበረም። በሌላ በኩል በጥንድ የዘፈኑት ግራም ፓርሰንስ እና ኤሚሉ ሃሪስ ዘመዳሞች አይደሉም። ሌሎቹ ጥንዶች፣ ጊሊያን ዌልች እና ዴቪድ ሮውሊንግስም የተዋወቁት ቦስተን፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የእነዚህን ድምፅ ሳያይ የሚሰማ ሰው ከአንድ እናት ነው የተወለዱት ቢል አይፈረድበትም።

እህትማማቾች ብልጫ የላቸውም እያልኩ አይደለም፤ አላቸው። አንድ ቤት ያደጉ ልጆች አናባቢውን እኩል ይከፍታሉ፣ የቃሉን መጨረሻ እኩል ይነክሳሉ፣ ትንፋሽ የሚወስዱበትም ቦታ ተቀራራቢ ነው። የሁለት ሰው ዘፈን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በኖታ ሳይሆን አንዱ ቃሉን ዘግቶ ሌላው ገና ሳይጨርስ ሲቀር ነው። ይህ ግን ከአስተዳደግ የሚመጣ ነገር ነው፤ የማደጎ ልጅም ያገኘዋል።

ሸልቢና አሊሰን ደግሞ የሚገርሙት በመመሳሰላቸው አይደለም። ወደ ስቱዲዮው የገቡት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ለረጅም ዓመታት ሠርተው ነው፤ አሊሰን ለፊልም በሠራችው ዘፈን እስከ ኦስካር እጩነት ደርሳለች። የሸልቢ ድምፅ ጥቁር አሜሪካውያን የሚዘፍኑትን ሶል የጠገበ ነው፤ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀርና በራሷ ጊዜ ትደርሳለች። አሊሰን ቀጥ ያለች ናት፤ ቃሉን ቦታው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሁለቱ ሲገናኙ አንዷ መጠበቅ፣ ሌላዋ መልቀቅ አለባት፤ እኔን የያዘኝም ይህ መጠባበቅ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቴዲ ቶምፕሰን ራሱ የሁለት ዘፋኞች ልጅ በመሆኑ ይመስለኛል፣ መሣሪያዎቹን ከድምፆቹ ኋላ አቁሞ ቦታውን ለእነሱ ትቶላቸዋል።

ከአሥሩ ዘፈኖች ዘጠኙ የሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ከካንትሪው ዘፋኝ መርል ሃጋርድ እስከ ሮክ ዘፋኙ ኒክ ኬቭ ይደርሳሉ። ደፋሩ ምርጫ የሮክ ባንዱ ኒርቫና እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ሊቲየም» ነው። እዚያ የሚናገረው ሰው ብቻውን ከራሱ ጋር የሚያወራ፣ አእምሮው የሚናወጥ ሰው ነው። ይህንኑ ቃል ሁለት ሴቶች አንድ ላይ ሲሉት ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ብቸኝነቱን የሚናገረው ሰው ከአጠገቡ ሌላ ሰው አለ። ይህን የሚያደርገው ሃርመኒው ነው፤ ከግጥሙ አንዲት ቃል መንካት አላስፈለጋቸውም።

የ1986ቱን ጉዳይ አትርሱ የሚለኝ ይኖራል። አልረሳሁም፤ አሊሰን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በሰፊው ጽፋበታለች፣ መናገር ያለባትም እሷው ናት። ነገር ግን አድማጭ በእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ ያንን ተኩስ ሲፈልግ ዘፋኞቹን ወደ ምስክርነት ሳጥን ይመልሳቸዋል። የሌሎችን ዘፈኖች የመረጡት የራሳቸው ታሪክ ጠፍቷቸው አይመስለኝም።

አሥረኛው ብቻ የራሳቸው ነው፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠውም ወደ እሱ ነው። ጥሩ ዘፈን ነው፤ እኔ ግን ከሰባተኛው፣ ሃጋርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ካወጣው «ሲልቨር ዊንግስ»፣ አላስበልጠውም። ግጥሙ አጭር ነው፦ አውሮፕላን የሚወደድ ሰው ይዞ ይሄዳል፣ አለቀ። የሚተረክ የቤተሰብ ታሪክም ሆነ የሚፈታ ምሥጢር የለበትም፤ ጆሮ የሚይዘው ሁለቱ ሴቶች አንድን ረጅም አናባቢ የት ድረስ ይዘው የት እንደሚለቁት ብቻ ነው። በዚህ አልበም ላይ ሊፈርድ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ቢጀምር እመርጣለሁ።