እያወደሳችሁ አታጥፏቸው

ወገኖቼ፣ በተለይ አሜሪካ ተቀምጣችሁ በአማርኛ የምትጽፉና የምታጋሩ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሲገባ፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር ነው ብላችሁ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጡትን የመጀመሪያዋን ጥቁር ሴት፣ የሸርሊ ቺዝምን ፎቶ ትለጥፋላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ከፎቶው ሥር የምትጽፉት ግን ያሳፍራል።

ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያየሁትን አንዱን ልንገራችሁ፦ «በ1968 ዓ.ም. የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴናተር»። አንድ መስመር ናት፣ ሁለት ስሕተት ተሸክማለች። ቺዝም ያሸነፉት ኖቬምበር 5 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 26 ቀን 1961 ዓ.ም.። በእኛ 1968 አገር ቤት ንጉሡ ወርደው ደርግ ገብቶ ነበር፤ ቺዝም ደግሞ ያኔ አራተኛ የምርጫ ዘመናቸው ላይ ነበሩ። ቁጥሩን ከእንግሊዝኛ ገልብጦ ኋላው ላይ «ዓ.ም.» የለጠፈ ሰው ሰባት ዓመት አጠፋ፤ ያንን ያጋራችሁት ሁሉ አብራችሁ አጠፋችሁ። እናንተ ደግሞ በሁለት አቆጣጠር የምትኖሩ ሕዝብ ናችሁ! ለልጅ ክርስትናና ለታክስ ቀን ስትሆን አንዲት ቀን አታሳስቱም።

ሴናተርም አልነበሩም፤ ኮንግረስ ሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት የሚባሉ ሁለት ቤቶች አሉት። ከብሩክሊን፣ ቤድፎርድ ስታይቨሰንትን ካቀፈው የኒው ዮርክ 12ኛ የምርጫ ክልል፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ነው የተመረጡት፤ ያሸነፉትም የታወቀውን የመብት ታጋይ ጄምስ ፋርመርን ነው። ከ1969 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሰባት ጊዜ ተመርጠው አገለገሉ። ሴኔት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የኢሊኖይዋ ካሮል ሞዝሊ ብራውን ናቸው፤ የተመረጡት በ1992። በሁለቱ መካከል 24 ዓመት አለ። ያን በር ለመክፈት ስንቱ እንደለፋ አስቡ፤ «ሴናተር» ያለው ሰው ግን ያን ሁሉ ልፋት እንዳልነበረ አደረገው።

እንዲያው ለመሆኑ «የመጀመሪያዋ» ስትሉ የምኑ? የየት? የመቼ? ቺዝም በ1964 ለኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበሩ የሚል ጽሑፍ ታጋራላችሁ። አልነበሩም። ቤሲ ቡካነን በ1954 ከሃርለም ተመርጠው ቀድመዋቸው ገብተዋል። «ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት» ትላላችሁ፤ ቻርሊን ሚቸል በ1968 በኮሚኒስት ፓርቲ ስም ተወዳድረዋል። «የመጀመሪያዋ ሴት» የምትሉም አላችሁ፤ ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ በ1964 የሪፐብሊካንን ዕጩነት ፈልገው ቀርበዋል። የቺዝም እውነት ይኸውላችሁ፦ ጃንዋሪ 25 ቀን 1972 ብሩክሊን ውስጥ በኮንኮርድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዕጩነታቸውን አወጁ፤ ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች የአንዱን ዕጩነት የጠየቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ፤ ማያሚ ቢች ላይ በተደረገው የዲሞክራቶች ጉባኤም 152 ያህል የልዑካን ድምፅ አገኙ። ይህ ምኑ ያንሳል? ምን ጎድሎት ነው የሌላ ሰው ድርሻ የምትጨምሩበት? እርሳቸውን ከፍ ያደረጋችሁ እየመሰላችሁ ቡካነንን ትቀብራላችሁ፣ ሚቸልን ትቀብራላችሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቺዝምንና ባርባራ ጆርዳንን አንድ ሰው ማድረጋችሁ ነው። ፎቶው የቺዝም፣ ንግግሩ የጆርዳን የሆነ ልጥፍ ስንት ጊዜ ወጣ! ጁላይ 25 ቀን 1974፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይከሰሱ አይከሰሱ በሚባልበት ጊዜ፣ በተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ውስጥ ስለ ሕገ መንግሥቱ ያን ነጎድጓድ የመሰለ ንግግር ያደረጉት የሂዩስተኗ ተወላጅ ጆርዳን ናቸው። ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች ለተወካዮች ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም እርሳቸው ናቸው። ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ጆርዳንን ልናውቃቸው የሚገባበት የራሳችን ምክንያት አለን፤ በ1979 የምክር ቤት ወንበራቸውን የተረከቡት ሚኪ ሌላንድ ናቸው። አዎ፣ ስደተኞችን ሊጎበኙ ወደ ፉኝዶ ሲበሩ፣ ኦገስት 7 ቀን 1989 ጋምቤላ አካባቢ በአውሮፕላን አደጋ ከእነ ባልደረቦቻቸው ያለቁት ሌላንድ። በአገራችን ምድር ሕይወቱ ያለፈ ሰው ከማን እንደተረከበ አለማወቅ፣ አውቆም የጆርዳንን ስም ከሌላ ማደባለቅ፣ ለእኛ ነውር ነው።

«ስለ ሕይወቷ የጻፈችው ቺዝም እራሷ ናት፣ ምን እናጣራለን?» የሚልም አይጠፋም። ቺዝም ከባርቤዶስ እናትና ከጋያና አባት ኖቬምበር 30 ቀን 1924 ብሩክሊን ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ከእኅቶቻቸው ጋር ባርቤዶስ ለአያታቸው ተላኩ። ስንት ዓመታቸው ነበር? የእርሳቸውን ትዝታ የተከተሉት ሦስት ይላሉ። የመርከብ መንገደኞችን መዝገብ ያገላበጡት ግን ጉዞው በኖቬምበር 1929 ነው፣ አምስት ሊሞላቸው ሲል ነው ይላሉ። የሦስት ዓመት ልጅና የአምስት ዓመት ልጅ እናቱን የሚያስታውሰው እኩል አይደለም፤ ስለ ልጅነታቸው የሚጻፈው ሁሉ በዚህ ይለወጣል። ውሸታም አላልኳቸውም፣ ሰው ልጅነቱን እንዲያ ነው የሚያስታውሰው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተወለደ የተባለ ስደተኛ በየቤታችን አለ፤ እናቱን ብትጠይቁ የክረምት ልጅ ነው ትላችኋለች። መዝገብም ይሳሳታል፣ ትዝታም ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ግድ ነው።

ጊዜ የለንም አትበሉኝ። የአሜሪካ ኮንግረስ በአባልነት ያለፉትን ሁሉ የሕይወት ታሪክ በነጻ ለሕዝብ ከፍቶ አስቀምጧል፤ ስም ጽፎ መፈለግ ቡና እስኪፈላ አይፈጅም። የት ተወለዱ፣ መቼ ተመረጡ፣ መቼ ለቀቁ፣ መቼ አረፉ፣ ሁሉም እዚያ ነው። በስማቸው የሚዞር ጥቅስ ካገኛችሁ ደግሞ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ለማን እንደተናገሩት የማይነግራችሁን አትለጥፉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እያደጋችሁ፣ ስልክ ላይ ስትሆኑ መጠርጠር የት ጠፋ?

ይህን የምለው ለታሪክ ተማሪ ብቻ አይደለም። ለእንደ እኛ ላሉ ስደተኞች የአሜሪካን በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ደማቸውን ያፈሰሱበት የመብት ትግል አገሪቱን ባነቃነቀበት ወቅት ነው። በእነርሱ ትግል በተከፈተ በር ገብተን፣ ቤት ሠርተን፣ ልጅ አስተምረን፣ ታሪካቸውን በግምት መጻፍ ብድር መካድ ነው። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ትክክለኛውን ተምረው መጥተው እናንተ የለጠፋችሁትን ሲያነቡ ምን ይላሉ?

እንግዲህ ዛሬውኑ የለጠፋችሁትን መልሳችሁ እዩ። «ሴናተር» ያለበትን አርሙ፣ ከ1968 ኋላ ያለውን «ዓ.ም.» አንስታችሁ «እ.ኤ.አ.» በሉት፣ የጆርዳንን ንግግር ለጆርዳን መልሱ። ስታርሙ ደግሞ በዝምታ አትሰርዙት፤ «ይህ ተሳስቶ ነበር፣ ትክክሉ ይህ ነው» ብላችሁ እዚያው ጻፉ፣ ካጋራችኋቸው ሰዎችም ለእያንዳንዱ ላኩለት።