አማካሪ ነኝ፣ አስተርጓሚ አይደለሁም

ዛሬም ከቢሮዬ ተጠራሁ። የሒሳብ መምህሩ ከአንዲት ሐበሻ እናት ጋር ቀጠሮ አለው፣ አስተርጓሚ ግን አልተያዘም። "አንቺ አማርኛ ትችያለሽ አይደል?" አሉኝ። እችላለሁ። ግን እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ማስተርሴን ሠርቼ፣ ፈቃድ አውጥቼ ትምህርት ቤቱ የተቀጠርኩት ተማሪዎችን ለማማከር ነው! ቢሮዬ ውስጥ ስታለቅስ የነበረችውን ልጅ "መጣሁ" ብዬ ጥያት ወጣሁ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ከ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ መብት ነው እንጂ ውለታ አይደለም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ደግሞ ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ይላል። እኔ ጋ ከ400 በላይ ናቸው። በዚያ ላይ ፈተና አስፈትኚ፣ ምሳ ሰዓት ኮሪደር ጠብቂ!

እናትየዋ ምን አጠፋች? ሌሊቱን አረጋውያን ስትንከባከብ አድራ፣ ሳትተኛ ነው የመጣችው። አማካሪ መሆኔን ስነግራት ደነገጠች። "እህቴ፣ ልጄ አብዷል ነው የሚሉኝ?" አለችኝ። ይህን ለማስረዳት ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስፈልገኝ ነበር። የተሰጠን 15 ደቂቃ ነው።

ደግሞ ሌላም አለ። ልጅ ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ከነገረኝ ለመንግሥት አካል ማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታዬ ነው። ዝም ብል ልጁ ይጎዳል። ስናገር ደግሞ "ልጅ የምታስነጥቀው" ተብዬ ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ እንኳ እነፈጋለሁ።

ስመለስ ልጅቷ ሄዳለች። ወንበሩ ላይ የተጨማደደ ሶፍት ብቻ ቀርቷል።