የጡት ማጥባት አማካሪዎች ሥልጠና፦ ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ የሚመለከተው ዓይን

አንዲት እናት በወለደች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ ጫፉ ቆስሎ፣ ሕፃኑም አልጠባ ብሎ ሲያለቅስ ምክር የሚለግሳት ሰው አታጣም። የወለዱት ሁሉ፣ ያልወለዱትም ጭምር የሚሏት ነገር አላቸው፤ የሚቸግራት የምክር እጥረት ሳይሆን አንዱ ምክር ሌላውን ማፍረሱ ነው። የምትፈልገው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ሕፃኑ ጡት ከጎረሰበት ጊዜ አንሥቶ እስኪለቅ ድረስ በትዕግሥት የሚመለከት፣ ካየውም ተነሥቶ ችግሩ ከአጎራረሱ፣ ከሕፃኑ አፍ፣ ከእናቲቱ ጤና ወይስ ከሌላ ነገር የመጣ መሆኑን የሚለይ ሰው ነው። ይህን በሙያ ደረጃ የሚሠሩት የጡት ማጥባት አማካሪዎች ይባላሉ። ስያሜው ራሱ ትንሽ ያሳስታል፤ «አማካሪ» ሲባል ተቀምጦ የሚናገር ሰው ይታሰበናል፣ የዚህ ሙያ ግማሹ ግን አፍን ዘግቶ ማየት ነው።

እንዲህ ያለውን ባለሙያ ለማፍራት ምን ማስተማር፣ ስንት ሰዓት ማለማመድና እንዴት መፈተን ይገባል የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። አንደኛው ወገን መስፈርቱ ጥብቅ ካልሆነ የአራስ ሕፃናት ጤና አደጋ ላይ ይወድቃል ይላል፤ ሌላው ደግሞ መስፈርቱ ከመጠን በላይ በመክበዱ ለእናቶች ቅርብ የሆኑትን ሰዎች ከሙያው እያራቀ ነው ሲል ይከራከራል። ሁለቱም የሚከራከሩት በአመዛኙ በሰዓት ቁጥር ላይ ነው። በእኔ እምነት ከቁጥሩ የሚበልጠው ጥያቄ ተለማማጁ እነዚያን ሰዓቶች ሲያሳልፍ ማን አጠገቡ ሆኖ አየው የሚለው ነው።

በዓለም ዙሪያ ሰፊ ዕውቅና ያለው የብቃት ማረጋገጫ «አይቢሲኤልሲ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው ሲሆን፣ የሚሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጡት ማጥባት አማካሪዎች ፈታኝ ቦርድ ነው። ቦርዱ ሲመሠረት ድጋፍ ያደረገለት «ላ ሌቼ ሊግ» የተባለው የእናቶች ማኅበር እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የመሠረቱት ሰባት እናቶች ነበሩ፤ በዘመኑ የጡጦ ወተት የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ስለነበር፣ ልጆቻቸውን ለማጥባት የፈለጉ ሴቶች የሚጠይቁት ሰው ስላጡ እርስ በርሳቸው መደጋገፍ ጀመሩ። ሙያው ከሆስፒታል ሳይሆን ከእናቶች ስብስብ የመነጨ መሆኑ፣ ኋላ ላይ ስለመጣው የበር መጥበብ ስንነጋገር የሚረሳ አይደለም።

ዛሬ ወደ ፈተናው የሚያደርሱት መንገዶች ሦስት ናቸው። በሦስቱም አመልካቹ የጤና ሳይንስ መሠረት ሊኖረው ይገባል፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ሌላ ዕውቅና ያለው የጤና ባለሙያ ካልሆነ፣ ከሰው አካል አሠራር፣ ከሥነ ምግብና ከሕፃናት ዕድገት አንሥቶ እስከ ሕክምና መዝገብ አያያዝና ኢንፌክሽን መከላከል ድረስ 14 የትምህርት ዓይነቶችን ማሟላት ይጠበቅበታል። በዚህ ላይ ስለ ጡት ማጥባት ብቻ የተዘጋጀ የ95 ሰዓት ትምህርት አለ፤ ከዚህ ውስጥ አምስቱ ሰዓት ለተግባቦት ክህሎት የተመደበ ነው። እስከዚህ ድረስ መንገዶቹ አንድ ናቸው። የሚለያዩት በተግባር ልምምዱ ላይ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የሚመጡ የጤና ባለሙያዎችና ዕውቅና ካላቸው የእናቶች ድጋፍ ማኅበራት የተገኙ አጋዦች ከማመልከታቸው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ 1,000 ሰዓት የሠሩ መሆን አለባቸው። ዕውቅና ባለው የከፍተኛ ትምህርት ፕሮግራም የሚማሩት 300 ሰዓት፣ ከአንድ ነባር አማካሪ ጋር ተዋውለው የሚሠለጥኑት ደግሞ 500 ሰዓት እንዲሠሩ ይጠየቃሉ።

ቁጥሮቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሦስተኛ የሚያህለው ሰዓት ለምን ለአንዱ እንደሚበቃ ይገርመው ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 300ውና 500ው ሰዓት የምስክር ወረቀቱን በያዘ አማካሪ ቀጥተኛ ክትትል ሥር የሚሠሩ ሲሆኑ፣ 1,000ው ግን የቀጥታ ክትትል ግዴታ የለበትም። ቦርዱ ራሱ በመስፈርቱ ውስጥ ባይናገረውም የታየ ሰዓት ካልታየ ሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ መስክሯል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል ባይ ነኝ። አንድን ስሕተት ያለ አራሚ 1,000 ሰዓት የደጋገመ ሰው ያገኘው ልምድ ሳይሆን ልማድ ነው።

ክትትሉ ምን እንደሚያስተምር በተግባር እንመልከት። ጡት ላይ 40 ደቂቃ የቆየ ሕፃን 40 ደቂቃ ጠባ ማለት አይደለም። አገጩ ዝቅ ብሎ ለአፍታ ቆም የሚልበት፣ ከዚያም የመዋጥ ድምፅ የሚሰማበት ምት አለ፤ ያ ምት ከሌለ ሕፃኑ ምናልባት ጫፉን ብቻ ይዞ እየተጽናና ነው። ጸጥ ብሎ የሚያንቀላፋ አራስ ለቤተሰቡ የጠገበ፣ ለጀማሪ አማካሪ ደግሞ የተረጋጋ ይመስላል፤ የለመደ ዓይን ግን የሽንት ጨርቁን ይጠይቃል፣ የቆዳውን ብጫነት ያያል፣ ክብደቱን ያስመዝናል። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ጥቂት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ቅናሹ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ግን ጉዳዩ ከማበረታታት አልፎ በጥንቃቄ መመርመርን፣ አንዳንዴም ጊዜያዊ ተጨማሪ ወተትን የሚጠይቅ ይሆናል። «አይዞሽ፣ ወተትሽ በቂ ነው» የሚለው ደግ ቃል በተሳሳተ ሰዓት ሲነገር ሕፃኑን በውኃ እጥረት ሊጎዳው ይችላል። ሌላም ነገር አለ፤ ጀማሪ ሁሉ እጁ ይቸኩላል፣ የእናቲቱን ጡትና የሕፃኑን ጭንቅላት ይዞ ማገናኘት ይቀናዋል። ጥሩ መምህር ተለማማጁን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በቃል ብቻ እንዲመራ ያስገድደዋል፤ ምክንያቱም እናቲቱ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን የሚያገለግላት የራሷ እጅ የተማረው ነው። ይህን በኢንተርኔት ከሚሰጥ ትምህርት አንዳች ሰው ሲማረው አላየሁም።

የንድፈ ሐሳቡ ትምህርት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ወተት ሲያንስ መነሻው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም፣ በማሕፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ ቀደም ሲል የተደረገ የጡት ቀዶ ሕክምና፣ ወይም ከምላስ ሥር ያለው ጅማት አጥሮ የሕፃኑ ምላስ እንደ ልብ አለመንቀሳቀሱ። አማካሪው እነዚህን የማከም ሥልጣን የለውም፤ ጠርጥሮ ወደ ሐኪም መላክ ግን አለበት፤ የማያውቁትን ደግሞ መጠርጠር አይቻልም። የፈተናው አቀራረብም ይህንኑ ያገናዘበ ነው፤ ከ175ቱ የምርጫ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ፎቶግራፍ አይቶ መመለስን የሚጠይቁ ናቸው። ይሁንና ፎቶግራፍ ላይ ያለ ሕፃን አይወራጭም፣ እናቱም አታለቅስም።

የምስክር ወረቀቱ በየአምስት ዓመቱ መታደስ እንዳለበት የሚያጉረመርሙ አሉ። ለእነርሱ አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። ለረጅም ጊዜ የጡት ኢንፌክሽን ወይም ማበጥ ያጋጠማት እናት እብጠቱን ጠንከር አድርጋ እንድታሽ፣ ጡቷንም ደጋግማ አልባ ባዶ እንድታደርግ ትመከር ነበር። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ ግን ጠንካራ መታሸቱ የተቆጣውን አካል ይበልጥ እንደሚጎዳ፣ ከልክ በላይ ማለቡም የወተት ምርቱን አብዝቶ ችግሩን እንደሚያባብስ በመግለጽ፣ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግንና ሕፃኑ በሚፈልገው መጠን ብቻ ማጥባትን አስቀደመ። ከዚያ በፊት ተምሮ መጽሐፉን የዘጋ አማካሪ ዛሬም እናቶችን በቅንነት እያሳመመ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ በክፍያ የጡት ማጥባት እርዳታ የሚሰጥ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው፣ ፈቃዱንም ለማግኘት ይህንኑ ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ደነገገች፤ ሐኪምና ነርስን የመሰሉ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ከግዴታው ውጭ ነበሩ። በአጭር ሥልጠና ሌላ ዓይነት የምስክር ወረቀት አግኝተው ለዓመታት እናቶችን ሲረዱ የቆዩ ሰዎች እንጀራቸው ሊቆረጥ መሆኑን አይተው ክስ መሠረቱ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉ ሰው በሕጋዊ ሙያ ሠርቶ የመኖር መብቱን ያለ በቂ ምክንያት ይገድባል በማለት ሻረው።

ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ግን መስፈርቱ ከባድ ነው ብለው ከሚከሱት ጋር ተስማምቼ አይደለም። ስያሜን መጠበቅና ሥራን መከልከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ያዘጋጁት የ40 ሰዓት የጡት ማጥባት ምክር ሥልጠና ያፈራቸው አጋዦች አሉ፤ አብዛኛዋ እናት የሚያስፈልጋትም ይኸው ነው፤ አቀማመጧን የሚያስተካክልላት፣ እንገሯ ጥቂት ቢመስልም ለአራሱ በቂ መሆኑን የሚነግራት፣ ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ ጤናማ እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው። ይህን ለማድረግ 1,000 ሰዓት አያስፈልግም፤ ይህን የሚያደርግን ሰው መቅጣትም ነውር ነው። ነገር ግን ያለ ጊዜው የተወለደ፣ መንታ የሆነ፣ ወይም ክብደት መጨመር ያቃተው ሕፃን ሲመጣ፣ ቤተሰቡ በር ላይ የተለጠፈውን ስያሜ አንብቦ የቆመለት ሰው ምን ያህል እንደሠለጠነ የማወቅ መብት አለው። የአምስት ቀን ሥልጠና የወሰደውና 500 ሰዓት በአማካሪ ዓይን ሥር የሠራው በአንድ ስም መጠራታቸው የሚያታልለው ሌላ ማንንም ሳይሆን ያችን እናት ነው።

እንግዲህ የበሩ ጥበት የቱ ጋ ነው? የፈተናው ክፍያ አይደለም ባይባልም፣ ቦርዱ ክፍያውን እንደየአገሩ የመግዛት አቅም በደረጃ ከፋፍሎታል። ለተግባር ልምምዱ ግን እንዲህ ያለ ደረጃ የለውም። በወሊድ ክፍል የምትሠራ ነርስ ሰዓቱን የምታጠራቅመው ደመወዝ እየተከፈላት ነው። ነርስ ያልሆነችው ግን፣ ለምሳሌ ዕውቅና ባለው ማኅበር ሥር ሳትሆን ዓመታት እናቶችን በነጻ ስታግዝ የኖረች ሴት፣ ሆስፒታል ውስጥ ለመግባት ሠራተኛ አይደለሽም ትባላለች፤ ሠራተኛ ለመሆን ምስክር ወረቀት አምጪ ትባላለች፤ ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ሆስፒታል ውስጥ የተሠራ ሰዓት ያስፈልጋታል። የሚያሠለጥናት አማካሪ ብታገኝ እንኳ 500 ሰዓት ያለ ክፍያ መሥራት፣ በሳምንት አሥር ሰዓት ብትችል ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው። ቀጥተኛ ክትትል የሚጠየቀው ከዚህችው ሴት ሲሆን፣ ነርሷ ግን በሌላ ሥራ መካከል የሠራችውን ያለ ተመልካች ትቆጥራለች። ጥብቅነቱ ለአንዱ ሰዓት በማብዛት፣ ለሌላው ክትትል በማብዛት ተከፋፍሏል፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ፍትሐዊም ጠቃሚም በሆነ ነበር።

ሰዓቱ ይቀነስ የሚለው መፍትሔ የሚያጓጓ ቢሆንም የተሳሳተውን ጫፍ የያዘ ነው። የሚሻለው የማዋለጃ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ለነርስና ለሐኪም ተለማማጆች ቦታ እንደሚይዙት ሁሉ ለጡት ማጥባት አማካሪነት ተለማማጆችም ቋሚ ቦታ ቢይዙ፣ መጠነኛ አበልም ቢቆርጡ ነው። የሚያሠለጥነው ነባር አማካሪም በዚያ ቀን የሚያያቸው እናቶች ቁጥር ሊቀነስለት ይገባል፤ ዛሬ ብዙ አማካሪዎች ተለማማጅ የማይቀበሉት ከክፋት ሳይሆን አንድን ሰው በትክክል እያዩ ማሠልጠን ጊዜ ስለሚበላ ነው። ሆስፒታሎች የወጪን ጥያቄ ማንሣታቸው አይቀርም። በጡት ማጥባት ችግር ተመልሶ የሚተኛ አራስ ግን የሚያስወጣው ቀላል አይደለም፤ አልጋውንም ይይዛል። እናቲቱ ተለማማጅ ክፍሏ ውስጥ እንዲኖር የመፍቀድም ያለመፍቀድም ሙሉ መብት እንዳላት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት፤ የሌላው መማሪያ መሆን ግዴታዋ አይደለም።

ከፈታኙ ቦርድ የሚጠበቀው ለውጥ አንድ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ከሚጠየቀው 1,000 ሰዓት የተወሰነው ክፍል፣ ለእኔ ቢያንስ 300ው፣ እንደ ሌሎቹ መንገዶች በምስክር ወረቀት ባለቤት ቀጥተኛ ክትትል ሥር የተሠራ እንዲሆን ያድርግ፤ በምላሹም ጠቅላላውን ቁጥር በልኩ ይቀንስ። አሁን ሰዓታቸውን በመቁጠር ላይ ላሉት ደግሞ፣ የቀድሞው ደንብ እስከ አምስት ዓመት ይጽናላቸው፤ ሰዓት የሚቆጠረው በአምስት ዓመት ውስጥ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በአዲሱ ደንብ የሚጎዳ ሰው አይኖርም።