ገመዱ ለልጁ፣ ሙገሳው ለአጎቱ

ባለፈው ሳምንት ከዓባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። እንግዳው የሕግ ባለሙያ ናቸው ተብሏል። ርዕሱ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ሰው የሚገድሉ ልጆች ነው። እሳቸው ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የወንጀል ሕጉ ይሻሻልና የሞት ቅጣት እነሱንም ይጨምር። መግደል የቻለ መሞትም ይችላል፣ አሉ። አዘጋጁ «ግሩም ሐሳብ» ብሎ ስልክ መቀበል ጀመረ። የደወለው ሁሉ ይሰቀሉ፣ ይሰቀሉ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር በሐሳቡ ተስማማ። የኔ ደም ግን ፈላ።

ከደካማው ክርክር ልጀምር፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩማ። እኚህ ሰው እንደ ማስረጃ ያነሷት ነሐሴ 2016 ላይ አገር ሁሉ ያለቀሰላትን የባሕር ዳሯን ሕፃን ነው። ጌታዬ፣ የሷ ገዳይ እኮ አዋቂ ሰው ነው! 25 ዓመት የተፈረደበት፣ የበሰለ ሰው። ቅጣቱ አነሰ ካሉ እሺ፣ እዚያ ላይ ይከራከሩ፤ ያኔ የማንኛችን አንጀት ነው ያላረረው? ግን የአዋቂን ጭካኔ አንስቶ የ15 ዓመት ልጅ አንገት ላይ ገመድ ማስገባት ምን የሚሉት ሙግት ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

«ልጆቹ እኮ ነፃ ይወጣሉ» የሚለውም ውሸት ነው። ሕግ የተማረ ሰው ሲለው ደግሞ ያሳፍራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 15 ዓመት ያለፈው ልጅ የሚዳኘው ለአዋቂ በወጣው ድንጋጌ ነው። ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል፣ ግዴታ ግን የለበትም። ሕጉ በግልጽ የዘጋው የሞት ፍርዱን ነው። ከ9 እስከ 15 ያሉት የራሳቸው እርምጃ አላቸው፣ ወንጀሉ ከባድ ከሆነም ለዓመታት ይዘጋባቸዋል። ይሄን ነው እንግዲህ ነፃ መውጣት ያሉት። ለነገሩ ለአዋቂውም ቢሆን ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው ሞት አይፈጸምም፣ ተፈጸመ ሲባል ለመጨረሻ ጊዜ የሰማነውም በ1999 ዓ.ም. ነው። በአዋቂዎች ላይ የቆመውን ነገር በልጆች ሊጀምሩልን ነው እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አንድ የደወለ ሰው እንዲህ አለ፦ በየገጠሩ ቤተሰብ ደም ሊመልስ ሲፈልግ ልጅ ይልካል፣ ልጅ አይሰቀልማ። አንዳንዴም አጎቱ ይገድልና ልጁ «እኔ ነኝ» ብሎ እጁን እንዲሰጥ ይደረጋል። ስለዚህ ሕጉ ልጁንም ይያዘው፣ ያኔ ይሄ ጨዋታ ያበቃል።

ወንድሜ፣ የተናገርከውን ራስህ ሰምተኸዋል? የላከው አጎት ነው። አንዳንዴም የገደለው አጎት ነው። አንተ ግን የምትሰቅለው ልጁን ነው። ይሄ በሌላ አገር ደርሷል። ኢራን ውስጥ ደላራ ዳራቢ የምትባል ልጅ በ17 ዓመቷ በነፍስ ግድያ ተያዘች። መጀመሪያ አምና ነበር። በኋላ «ያመንኩት ፍቅረኛዬን ላድን ብዬ ነው፣ ልጅ ስለሆንሽ አትሰቀዪም ብሎኝ ነው» ብላ ብትጮህ ማን ይስማት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሰቀሏት። እዚያ ሕጉ ልጅ ይሰቅላል፣ ጨዋታው ግን አላበቃም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደራ አንድ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሟቹ በድንበር ጠብ የተገደለ ገበሬ ነው። የበኩር ልጁ ከ12 ዓመት አይበልጥም። ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፣ የአባቱን ጋቢ ደርበውለት። ጋቢው በዝቶበት መሬት ይጠርጋል፣ የልጁ እግር ግን መሬት አይደርስም። አጎቱ መጣና የሟቹን ክላሽ ጭኑ ላይ አጋደመለት። ሙሾ አውራጇ ይሄኔ ፊቷን ከአስከሬኑ መልሳ ወደ ልጁ አዞረች። የምታወርደው ሁሉ ለሱ ሆነ፤ አባትህ አልጋ ላይ አልሞተም፣ ወንድ ወልዷል ወይስ አልወለደም እያለች። አዋቂው ሁሉ ያለቅሳል፣ ልጁ ግን አላለቀሰም፣ ክላሹ እንዳይወድቅበት በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ቄሱም ነበሩ። የቀበሌ ሊቀ መንበሩም ነበሩ። አንድም ሰው «ኧረ ይሄን መሣሪያ ከልጁ ላይ አንሱት» አላለም።

እንግዲህ ይሄ ልጅ 16 ሲሞላው ገደለ እንበል። የሬዲዮው እንግዳ ስቅላት እንዳለ ቢያውቅ ኖሮ ይፈራ ነበር ነው የሚሉን። ምኑን ነው የሚፈራው? ደም መመለስ ውስጥ እኮ የሞት ቅጣት ድሮውንም አለ! የገደለ ይገደላል፣ እሱ ካልተገኘ ወንድሙ፣ ወንድሙ ካልተገኘ ያጎቱ ልጅ። ይግባኝ የለው፣ ይቅርታ የለው፣ ዕድሜ አይጠይቅ። ልጁ ጥይቱን ሲያጎርስ ነገ የዚያኛው ወገን እንደሚያድነው ከማንኛችንም በላይ ያውቃል፣ ስንት ዘመድ በዚያ እንደቀበረ ቆጥሮ ነው ያደገው። በሰማዕታት ሐውልት ሥር ሻይ እየጠጣን እኛ ከምናወራው የሞት ቅጣት ይልቅ እሱ የሚያውቀው የሞት ቅጣት ፈጣን ነው፣ እርግጠኛም ነው፣ እና አላቆመውም። አባቱንም አላቆመውም። መንግሥት ከዚያ ወረፋ ኋላ ተሰልፎ «እኔም እገድልሃለሁ» ቢለው ምን ይጨምርበታል? ክብር ካልጨመረለት በቀር። አንድ የተሰቀለ ልጅ በቀረርቶ ስንት ዓመት እንደሚነሳ ጎጃምም ጎንደርም ያደገ ያውቀዋል፣ ታናሽ ወንድሙም እሱን እየሰማ ነው የሚያድገው።

ይሄ ደግሞ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በድሮው ሥርዓታችን ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ቤተሰብ ተላልፎ ይሰጥ ነበር፣ እነሱም በገደለበት አኳኋን ይገድሉታል። በአደባባይ፣ ሰው እያየ። ደም መመለስ ጠፋ? ይኸው እኛ ዘንድ ደርሷል። ደሙን ሲያደርቅ የኖረው ገመድ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ታቦት ይዘው የሚወጡ ቄሶች ናቸው፣ ካሳ ነው፣ መሐላ ነው። ልጁን ሰቅለህ ደሞ ማንን ከማን ታስታርቃለህ?

እንግዳው አሜሪካንም ጠቅሰዋል፣ «ሥልጡን አገርም ያደርገው ነበር» ብለው። አዎ፣ ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ በ1993 ሚዙሪ ውስጥ ክሪስቶፈር ሲመንስ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ አንዲት ሴት አስሮ ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣላት። የሚዘገንን ነገር ነው። አስቀድሞ ለጓደኞቹ «ልጆች ስለሆንን ምንም አንሆንም» ብሏቸው ነበር። የዚያን ጊዜ የሚዙሪ ሕግ ግን የ17 ዓመት ልጅን ሞት ይፈርድበት ነበር! ሕጉ ነበር፣ ልጁ ከቁም ነገር አልጻፈውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 በዚሁ በሲመንስ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ይሄን ቅጣት ከመላ አገሪቱ አስቀረው። የ14 ዓመቱን ጥቁር ልጅ ጆርጅ ስቲኒንም እንጥቀስ ካላችሁ፣ በ1944 በኤሌክትሪክ ወንበር ገደሉት። ጥፋተኛ ነው ለማለት ዳኞቹ የፈጀባቸው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ከ70 ዓመት በኋላ በ2014 ፍርዱ ተሰረዘ። ማን ይስማው?

ዕድሜውስ? እኛ አገር የልደት ምዝገባ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት የልደት ምስክር ወረቀት የነበራቸው ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ከመቶ ሦስት ገደማ ቢሆኑ ነው። ዛሬ 16 ወይ 17 የሚባለው ልጅ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ፍርድ ቤት የሚያደርገው ሆስፒታል ልኮ የእጅ አንጓውን ራጅ ማስነሳት ነው፣ ሐኪሙም «ከዚህ እስከዚህ ይሆናል» ብሎ ይጽፋል። እናቱን ብትጠይቅ «ጎርፉ የመጣ ዓመት» ትልሃለች። መስመሩን 18 አድርገው፣ 16 አድርገው፣ የትም ብታሰምረው በግምት ልትሰቅል ነው።

የልጇን ገዳይ ይሰቀልልኝ የምትል እናት ላይ አልፈርድም፣ ሐዘኗ ነው የሚያናግራት። ማይክ ይዞ ተረጋግቶ የሚያወራ ሰው ግን ሐዘንተኛ አይደለም። አገሪቱ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ካጸደቀች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል፣ የአፍሪካውንም ተቀብላለች፣ ሕገ መንግሥቱም የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ይሄን ሁሉ አፍርሱ እያሉን መሆኑን እንኳ ሳይነግሩን ነው ወደ ማስታወቂያ የሄዱት።

ሕጉን ማጥበቅ ለሚፈልግ ሰው ሥራ ሞልቷል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 36 ሌላውን ሰው ወንጀል እንዲሠራ ያነሳሳን ይቀጣል። ክላሽ በልጅ የኪስ ገንዘብ አይገዛም። ማን እንደሰጠው፣ ማን እንዳለማመደው፣ ማን «ያ ነው» ብሎ በጣቱ እንዳሳየው መንደሩ በሙሉ ያውቃል። እስቲ መጀመሪያ ፖሊስ እሱን ይጠይቅ፣ ዐቃቤ ሕግም አጎቱን ከልጁ አጠገብ ያቁምልን።